ያልገባው ብረት

ዳይፐሩን ስፈታው መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ልጄ ከሰል በልታለች የሚል ነው። ብትበላም አይገርመኝም ነበር። ሐኪም ቤት ያደረሰንም ይኸው አመሏ ነው። አፈር ትልሳለች፣ የግድግዳ ቀለም በጥፍሯ እየፋቀች ትቀምሳለች፣ ቡና ሲፈላ ከማዳበሪያው ሥር የወደቀች ከሰል ካለች ከሁላችንም ቀድማ የምታገኛት እሷ ናት። 14 ወሯ ነው። አፏን ከፍቼ ምላሷን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ጣቶቿን ገልብጬ አየሁ፤ ንጹሕ ናቸው። ዳይፐሩ ላይ ያለው ግን ጥቁር ነው።

ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን ሳየው ጥቁር ብቻም አልነበረም። ዳር ዳሩን፣ ወደ ጥጡ የሰረገው፣ ድስት ውስጥ ተረስቶ ያደረ ጎመን የሚመስል አረንጓዴ ነው። ወደ መሃል እየከረረ ሄዶ ይጠቁራል። ላላ ያለ ነው፤ አይለጠፍም። ሽታው የተለመደው የልጅ ካካ ሽታ ነው። ይህን ሁሉ ያስተዋልኩት ግን በኋላ፣ በሌሎቹ ጠዋቶች ነው። በዚያች ደቂቃ ያየሁት አንድ ቀለም ብቻ ነበር።

ስለ ካካ ማውራት ነውር የሚሆነው ልጅ እስኪወለድ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የቤቱ ዋና ወሬ እሱ ነው፤ ወጣላት ወይ፣ ስንቴ፣ ቀጠነ፣ ደረቀ። አማርኛችን ለዚህ ለአንዱ ነገር እንደየቦታው ስም ሰጥቶታል። ለልጅ ካካ፣ ለመጽሐፍ ሰገራ፣ ላቦራቶሪ በር ላይ ደግሞ ዓይነ ምድር። የመጨረሻው ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጨዋ ቃል ፍለጋ ሄደው ሄደው ለምድር ዓይን አወጡላት። ያን ጠዋት ግን ቃሉ አልገረመኝም። በእርግጥም ከታች አንድ ነገር አፍጥጦ እያየኝ ነበር።

ከሦስት ቀን በፊት የብረት ሽሮፕ ጀምረናል። ጣቷን ወግተው ያዩት ሄሞግሎቢን 9.2 ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ለብዙ ዘመን የደም ማነስ መነሻ ተደርጎ ሲሠራበት የኖረው ልክ 11 ነው። ሐኪሟ በክብደቷ አስልቶ በቀን 27 ሚሊግራም ብረት አዘዘላት። መድኃኒቱን የሸጠልኝ ሰው ብልቃጡን እየነቀነቀ ሦስት ነገር ነገረኝ፦ ከምግብ በፊት ይሁን፣ ከወተት ጋር አይሁን፣ ጥርሷን እንዳያጠቁረው በጉንጯ በኩል አድርጊላት። ጥርስ እንደሚያጠቁር የነገረኝ ሰው ሌላውን እንደሚያጠቁር ሳይነግረኝ መቅረቱን እስከ ዛሬ አልተውኩለትም። ምናልባት አፍሮ ይሆናል።

ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ሲስተር ነው የምንላት። ደወልኩላት።

«አይረን ጀምራለች አይደል?» አለችኝ፣ ጨርሼ ሳልነግራት።

«አዎ፣ ሦስት ቀኗ ነው።»

«እንደ ሬንጅ ይጣበቃል? ከወትሮው የተለየ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው? አስመልሷታል? ቀይ ነገር አይተሽበታል?»

አራቱንም የለም አልኳት።

«እንግዲያው ምን አስጮኸሽ። ባይጠቁር ነበር የምጠይቅሽ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያኔ እንደ ቀልድ ሰምቼ አሳለፍኳት።

*

ሬንጅ ያለችው ነገር ግን አልለቀቀኝም። የጠየቀችኝ ስለ ደም እንደሆነ ገብቶኛል። ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ላይኛው ክፍል የሚደማ ሰው ደሙ ቀይ ሆኖ አይወጣም። በረጅሙ መንገድ ላይ ከአሲድና ከባክቴሪያ ጋር ሲታሽ ይጠቁራል፤ አዲስ አስፋልት ላይ እንደሚፈስሰው ሬንጅ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ሽታው ክፍሉን ይሞላል። እሱ ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ ጥቁር ነው። የሽሮፑ ጥቁር ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ድኝ ያለበት ጋዝ ይፈጥራሉ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ያ ጋዝ። እሱ ሳይዋጥ ከቀረው ብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ነገር ይሆናል። ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም።

ሁለቱ ጥቁሮች አንዱ በሌላው ጀርባ ሊደበቅ መቻሉ ግን ያሳስባል። ሽሮፕ የሚወስድ ልጅም ሊደማ ይችላልና፣ ሲስተር የጠየቀችኝን አራት ጥያቄ ቀለሙን ከለመድኩት በኋላም በየጠዋቱ ለራሴ እጠይቀው ነበር።

ደምን ደም ያሰኘው ያው ብረት መሆኑ ደግሞ ያስተክዛል። አንዱ ከውስጥ የሚፈስስ ብረት ነው፣ አንዱ ከውጭ መጥቶ ደጃፍ ላይ የተመለሰ ብረት ነው። አንድ ማዕድን ሲያልፍም፣ ሲጠፋም ያጠቁራል።

ሌላውን ደግሞ ሳውቅ የበለጠ ተገረምኩ። ያ የምናውቀው ቡናማ፣ ማንም የማይደነግጥበት ቀለም፣ እሱም ከደም የመጣ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው ወደ 120 ቀን ነው። ሲያረጅ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ይፈርሳል። ሰውነት ብረቱን ለቅሞ ያስቀርና የተረፈውን፣ ቢጫ ሆኖ፣ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል፤ እዚያ ባክቴሪያዎቹ ቡናማ ያደርጉታል። በየቀኑ የምንጥለው ቀለም ብረቱ የተወሰደለት አሮጌ ደም ነው ማለት ነው። ብረቱ ቤት ይቀራል፣ ቀለሙ ይወጣል። ልጄ ሚጡ ላይ ያየሁት የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ብረቱ ራሱ ወጥቶ ቀለም ሆኗል።

ሰውነት በዚህ ማዕድን ላይ ያለው ስስት ይገርማል። አንድ ትልቅ ሰው ሙሉ አካሉ ውስጥ ያለው ብረት ከሦስት እስከ አራት ግራም ነው፤ ተጠራቅሞ ቢቀልጥ አንዲት ምስማር ቢወጣው ነው። በየቀኑ አዲስ ደም ለመሥራት ከ20 ሚሊግራም በላይ ይፈልጋል፤ ከምግብ የሚያስገባው ግን አንድ ወይም ሁለት ሚሊግራም ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከፈረሰው ደም ተለቅሞ ድጋሚ የተሠራበት ነው። አሮጌ ቀሚስ ተፈትቶ ለልጅ ልብስ እንደሚሆንበት ቤት ያለ ነው። ትርፍ ብረትን ደግሞ የሚያስወጣበት በር የለውም። ጨው ሲበዛ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ ብረት ሲበዛ ግን የሚሸኘው አካል የለም። ስለዚህ ጥበቃው ሁሉ መግቢያው ላይ ነው። ጉበት የሚሠራት ሄፕሲዲን የምትባል ሆርሞን አለች፤ የታወቀችው በዚህ በያዝነው ሺህ ዓመት መባቻ ገደማ ነው። እሷ ስትበዛ የአንጀት በር ይዘጋል፣ ስታንስ ይከፈታል።

ከዚያ 27 ሚሊግራም ውስጥ ከአምስት እጁ አንዱ ከገባላት ጥሩ ገብቷል። ሌላው ሚጡን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ ሄዶ ጠዋት ዳይፐሩ ላይ ይጠብቀኛል። እኔ በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ የማየው ያልገባውን ነው። የገባው ቀለም የለውም፤ ድምፅም የለውም። የት እንደደረሰ፣ የትኛው አጥንቷ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ የሚነግረኝ የለም። ያልገባው ግን ጥቁር ሆኖ አደባባይ ይወጣል።

በሩ የሚዘጋው ለንፉግነትም አይደለም። ሰውነት ሲታመም፣ ተውሳክ ሲገባበት፣ ጉበት ሄፕሲዲንን አብዝቶ በሩን ይቆልፋል፤ ብዙ ተውሳክ ለመራባት ብረት ይፈልጋልና ለጠላት ስንቅ ማቀበል ይሆንበታል። ከዛንዚባር ደሴቶች አንዷ በሆነችው በጴምባ፣ ወባ በሚበዛበት አገር፣ ለትንንሽ ልጆች በየቀኑ ብረትና ፎሊክ አሲድ እየሰጡ ያጠኑ ነበር። ብረት ከወሰዱት ልጆች ሆስፒታል የሚገባውና የሚሞተው በዛ፤ ያ የጥናቱ ክፍል ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። ዛሬ ወባ ባለበት አካባቢ ብረት ሲሰጥ የወባ መከላከልና ሕክምና አብሮ ይሁን የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ላለችው ሚጡ ይህ የሚያሠጋ ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን ካነበብኩት ወዲህ የተመለሰውን ብረት እንደ ብክነት ማየት ተውኩ።

መውጫ በር አለመኖሩ ብልቃጡንም ወዴት እንደማስቀምጥ አስተማረኝ። ሽሮፑ ይጣፍጣል፤ ሚጡ ማንጠብጠቢያው ሲወጣ አፏን ከፍታ ነው የምትጠብቀው። ጥቂቱ መድኃኒት የሆነው ብዙው መርዝ ነው፤ ትንንሽ ልጆች የእናታቸውን የብረት ኪኒን እንደ ከረሜላ ውጠው የሞቱባቸው አገሮች አሉ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከሻንጣው ጀርባ ነው የማስቀምጠው። ለማውረድ እኔም ወንበር ያስፈልገኛል።

*

እናቴ ከደብረ ብርሃን የመጣችው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

እናቴ ብረትን የምታውቀው በሌላ በኩል ነው። አራስ ሳለሁ ለደጅ እንኳ ስነሳ ቢላ ታስይዘኝ ነበር። «ብረት ያዢ» ትላለች፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት «ባዶ እጅሽን አትውጪ ነዋ» ብላ ዘግታዋለች። ትራሴ ሥርም መቀስ ነበር። ብረት ለእናቴ ከውጭ የሚመጣን ክፉ በውጭ የሚመልስ ነገር ነው። በማንኪያ የሚዋጥ ብረት ግን አታውቅም። ማታ ሽሮፑን ሳጠጣት ቆማ አየች፣ ዝም አለች። ጠዋት ዳይፐሩን ስፈታም ቆማ አየች። ከዚህኛው በኋላ ግን ዝም አላለችም።

«ምንድን ነው ይሄ? የልጅ ነው ይሄ?»

ነገርኳት። ከመድኃኒቱ ነው፣ ሁሉም ልጅ ላይ ነው፣ ጉዳት የለውም።

«ስትወለድም ጥቁር ነበር» አልኳት፣ ለማጽናናት። እውነቴን ነው፤ አዲስ የተወለደ ልጅ መጀመሪያ የሚያወጣው ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚለጠፍ፣ ሽታ የሌለው ነገር ነው። ማህፀን ውስጥ ሳለ የጠራቀመው ነው። ያኔ በለብ ያለ ውሃ ያጠበቻት እናቴ ራሷ ናት።

«ያማ በኔ ዘመንም ነበረ። አንጀቷ ሲጠራ ነው። ያ ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ እንደ እንቁላል አስኳል ይሆናል። ይሄ ስንት ቀኑ ነው?»

አሥረኛ ቀኑ ነበር።

እናቴ የምታውቀው የቀለም ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ጥቁሩ፣ ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ጡት የሚጠባ ልጅ ቢጫው፣ ምግብ ሲጀምር ቡናማው። ከዚህ ሰልፍ የወጣ ቀለም ሁሉ ያስደነግጣታል። እኔንም አስደንግጦኝ የለ? ግን ከሁሉም የሚያስፈራው ቀለም ማንም የማይጮኽበት ነው፤ ነጩ። አዲስ የተወለደ ልጅ ካካው እንደ ኖራ፣ እንደ ፈዘዘ ሸክላ ከነጣ ሐሞቱ መንገድ አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ የሚወለድ ልጅ በጊዜ፣ በተለይ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ቢደረስለት ቀዶ ሕክምናው የተሻለ ይሠራለታል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለእያንዳንዷ እናት በሚሰጠው የእናትና ልጅ ደብተር ውስጥ ሰባት ቀለም ያለው ካርድ አስገብተዋል፤ እናት የልጇን ዳይፐር ከካርዱ ጋር ታስተያያለች። በዚያ ካርድ የሚፈለገው የፈዘዘው ነው። ጥቁሩ አሥር ቀን አስፈራኝ፤ ነጩን ባየው ኖሮ ግን «እንዴት ንጹሕ ነው» ብዬ ላልፍ እችል ነበር።

ለማንኛውም እናቴ አላመነችኝም።

*

እናቴ በመጣች በሦስተኛው ቀን ማታ የሆነው ነገር ደግሞ ጭራሽ አባባሰው። እናቴ ሻይ እየጠጣች ነው፤ ሚጡ ጭኗ ላይ ናት። እኔ ማንጠብጠቢያውን ሞልቼ ጎንበስ ስል ሚጡ ክንዴን መታችው፤ ከሽሮፑ ትንሽ ፉት ተብሎ የተቀመጠው ሻይ ውስጥ ገባ። ሻዩ ቀይ ነበር፤ ቅርንፉድና ቀረፋ ያለው፣ ከብርጭቆው ባሻገር የመብራቱ ብርሃን የሚታይበት። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ተነሣ፤ እያየነው ወደ ታች ወረደ፣ ተዘረጋ። ብርጭቆውን አንድ ጊዜ ሳማስለው መብራቱ ጠፋ። ሻዩ ቀለም ሆነ፤ ብዕር ነክረው የሚጽፉበት ዓይነት።

«እንግዲህ ይሄ ነው ሆዷ የሚገባው» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

እኔ በብርጭቆው ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ብረትን ሲያገኘው አቅፎ አይለቀውም፤ አብረው ይጠቁራሉ። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመት የጻፉበት ቀለም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከዛፍ እባጭ በሚወጣ ታኒንና በብረት ጨው። ሆድ ውስጥም የሚሆነው ያው ነው፤ ብረቱ ከታኒኑ ጋር ተቃቅፎ በሩን ሳያይ ያልፋል። እኔ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ለሚጡ ቁርሷን በምን ነበር የማበላት? ዳቦ በሻይ ነክሬ። እናቴም እኔን ያሳደገችኝ በዳቦና በሻይ ነው፤ የእኔ ዘመን ልጅ ሁሉ ያደገው በዚያ ነው። ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ይህን ሁሉ ለእናቴ ማስረዳት ጀመርኩ። አስተውዬ ቢሆን ኖሮ፣ እየሰማችኝ እንዳልሆነ አይ ነበር። እያየች ያለችው ሻዩን ነው።

አፈር ስትልስ የነበረች ልጅ አገሯ ራሱ ብረት የጠገበ አፈር ነው፤ ቀዩን መሬት ቀይ ያደረገው የዛገ ብረት ነው። ጤፍ ብረት አለው እየተባልን አድገናል። አለው። ግን ከፊሉ የእህሉ ሳይሆን አውድማ ላይ በሬ ሲረግጠው የተቀላቀለው አፈር ነው፤ የራሱ የሆነውም ፋይቴት ከሚባል ነገር ጋር ተቆላልፎ ነው የሚመጣው። እርሾው ሲያቦካው ቁልፉን በከፊል ይፈታዋል። እንግዲህ እንጀራችን ብረት እያለው፣ መሬታችን ብረት እያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አገኘ። ከዚያ ዳሰሳ አምስት ዓመት በፊት 44 በመቶ ነበር። ለደም ማነስ ብረት ብቻ ምክንያቱ አይደለም፤ ትልና ወባም አሉበት። ቢሆንም ችግሩ ብረት ከመኖሩ ይልቅ ብረት ከመግባቱ ላይ ነው የሚል ነገር ይታየኛል።

ትግራይ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት እወዳለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ነው። ለአንዱ ቤት ብረት ድስት፣ ለሌላው አልሙኒየም ድስት ሰጥተው ዓመት ጠበቁ። በብረት ድስት የተሠራ የበሉት ልጆች ደማቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከድስቱ እየተፋቀ በወጥ የገባ ብረት ነው። ለእናቴ ቢነገራት የሚገባት ይህ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ታኒን ነበር የማወራው።

*

ሻዩ ከጠቆረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳይፐሩን ስፈታ ቡናማ ነበር። ያ የድሮው፣ የማንም ልጅ ቡናማ። ደስ አለኝ፤ ለምን ደስ እንዳለኝ አላሰብኩበትም። ጠቅልዬ ልጥለው ስል ሲስተር በስልክ ያለችኝ መጣብኝ። ባይጠቁር ነበር የምጠይቅሽ።

ሥራ ስለምሄድ የጠዋቱን የምታጠጣት እናቴ ናት። የማታውንም ከሻዩ ወዲህ «አንቺ ደክሞሻል» እያለች ተቀብላኛለች። ወንበር ላይ ወጥቼ ብልቃጡን አወረድኩ። በብርሃን ሳየው ሽሮፑ ባለበት ነው፤ ዝቅ አላለም።

እናቴ ኩሽና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ብልቃጡን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ተመልሳ ወደ ሽንኩርቷ።

«ዳይፐሩ ነገረሽ?» አለችኝ።

«ነገረኝ።»

«ነጭ ነገር ላይ ያንን ጥቁር ሳይ ልቤ አልቻለም። አንቺ አታውቂም ማለቴ አይደለም። ልቤ ነው ያልቻለው።»

መቆጣት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። እኔም እርጉዝ ሳለሁ ለክትትል በሄድኩ ቁጥር የሚሰጡኝ የብረት ኪኒን ነበር፤ ሆዴን አደረቀኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ እኔንም አጠቆረኝ። ለማንም አልነገርኩም። የመጀመሪያውን ወር ዋጥኩ፣ ከዚያ አንዱን ውጬ አንዱን መተው ጀመርኩ፣ በመጨረሻ ጭራሽ ተውኩት። ግማሹ መሳቢያዬ ውስጥ ያኔም ነበር። በጊዜው የተወለደ ልጅ ከእናቱ ይዞ የሚመጣው ብረት ሩብ ግራም ገደማ ነው፤ አብዛኛውን የሚቀበለው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። እትብቱ ሳይቆረጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ደግሞ ተጨማሪ ደም ይሄድለታል። ያ ስንቅ ከአራት እስከ ስድስት ወር ያኖረዋል፤ የእናት ጡት በዚህ በኩል ድሃ ነው፣ ያለውን ጥቂት ግን ልጅ አሳምሮ ይወስደዋል። ሚጡ ምን ያህል ይዛ እንደመጣች የማውቅበት መንገድ የለኝም። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ግን አስበዋለሁ።

«እማዬ፣ እኔም ትቼው ነበር» አልኳት። የቱን እንደሆነ ገባት መሰለኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ቢላዋን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እስቲ አምጪው» አለች።

ራሷ አጠጣቻት። በጉንጯ በኩል አድርጋ፣ በትክክል። የሚጡ የደረት ጨርቅ ላይ የተንጠባጠበውን ግን እኔ በሳሙና ብፈገፍገው ብፈገፍገው ዝገት ሆኖ ቀርቶብኝ ነበር፤ እሷ ግማሽ ሎሚ ጨምቃበት፣ ጨው ነስንሳበት ፀሐይ ላይ ሰጣችው። ከሰዓት ሳየው ነጭ ነው። «ብረት ሎሚ ሲያገኝ ይለቃል» አለችኝ፣ ማንም የሚያውቀውን ነገር እንደምትነግረኝ ሁሉ። ከሽሮፑ በኋላ ትንሽ የብርቱካን ጭማቂ ስጪያት፣ ይገባላታል ብሎኝ የነበረው ሐኪሙ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር እየነገሩኝ መሆኑ የገባኝ ጨርቁን ከገመድ ላይ ሳወርድ ነው። ኮምጣጣው ብረቱን ይፈታዋል፤ ከጨርቅም፣ ከአንጀትም ውስጥ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቱካኑን የምትጨምቀው እናቴ ሆነች። ሻዩም ከቁርስ ተነሣ፤ ማን እንዳነሳው አልተነገረም።

በሁለተኛው ቀን ዳይፐሩ ጠቆረ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ ዳር ዳሩን አየችው።

«አረንጓዴ አለው» አለች። «አይጣበቅም።» ከዚያ ጠቅልላ ጣለችው።

*

በሁለት ወሩ ድጋሚ ጣቷን ወጓት። የወጣችው የደም ጠብታ የሽንብራ ግማሽ አትሆንም፤ ማሽኑ 11.3 አለ። ተደስቼ ሽሮፑን ላቆም ስል ሐኪሙ ከለከለኝ። ደሟ ሞላ እንጂ ጎተራዋ አልሞላም፤ ሁለት ሦስት ወር ይቀጥል አለ። ስለዚህ ጠዋቶቹ እንደ ጠቆሩ ቀጠሉ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ተመልሳለች። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውላለች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ሥራዬ ከመጠየቋ በፊት፦

«ዛሬስ?»

«ጥቁር ነው።»

«ተመስገን።»

ባለፈው እሑድ ቡና አፈላሁ። ከሰሉን ከማዳበሪያው ስቆነጥር አንዷ ተንከባልላ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆመች። ሚጡ ከሳሎኑ ማዶ ሆና አይታታለች፤ አሁን በእግሯ ነው የምትሄደው፣ እየተንገዳገደች። ደርሳ ጎንበስ አለች፣ አነሳቻት። እኔ ማራገቢያውን ይዤ እንዳለሁ ቀረሁ። ከሰሏን አገላብጣ አየቻት፤ አንዱን በኩል፣ ከዚያ ሌላውን። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

«እንኪ» አለችኝ።

መዳፏ ጠቁሯል። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩላት፤ ከሰሏን ምድጃው ላይ ጨመርኳት።